ከሙጃሂድ በታች፣ ከደጀን በላይ

መርሳ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017

ልጄ ናጅዋ፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ብዕሬ እንደ ልማዱ ይሸሸኛል። የውሃ አባት በነበርኩ ጊዜ የአንድ ሰው የመስኖ ተራ ዘልያለሁ። መዝለሌን ሳላውቅ በአላህ ስም ማልኩበት፤ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ። አላህ ይዘንላትና ለዙልፋ እንኳ፣ ለገዛ ሚስቴ፣ አልነገርኳትም።

አሁን አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። እንዴት ነሽልኝ? ያ ኳላ ላምፑር ያልሽኝ አገር ዝናቡ ጋብ አለ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ለሱጁድ ስደፋ ከማስቸገሩ በቀር ምንም አልል።

ይህን ያስጻፈኝ ያለፈው ደብዳቤሽ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ትልቅ ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ረድፍ በረድፍ የሚያነብ ፕሮግራም እንደሠራሽ፣ መሃል ላይ ተቋርጦ ሲመለስ የደረሰበትን ስቶ ሰዎች እንደዘለለ ነገርሽኝ። «መድኃኒታችሁ ደርሷል፣ ኑና ውሰዱ» የሚለው መልእክት ሳይደርሳቸው የቀሩ በሽተኞች ነበሩ አልሽ። ከዚያ «አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የእኔ ጥፋት ነው አልኩ» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ ግን ያችን መስመር ማለፍ አቃተኝ። ገበያ ስሄድም፣ መስጊድ ስቀመጥም እሷው ናት።

የእኔ ሠንጠረዥ ቦዩ ነበር። ከወንዙ ጠለፋ ይነሣና ማሳ በማሳ ወደ ታች ይወርዳል። የውሃ አባት ሥራው ተራው የት እንደደረሰ መያዝ ነው። እኔ የምይዘው በሰው ነበር፤ «ትናንት እገሌ ጠጣ፣ ዛሬ ከእገሌ በታች ያለው ይጠጣል» እያልኩ። ብዙ ዘመን አልሳትኩም።

አንቺ ልጅ ሳለሽ፣ በአንዱ በጋ፣ ሙጃሂድ ሽንኩርቱን ቀድሞ ነቅሎ ስለነበር ተራውን ለደጀን ሰጠው። ደጀን የልጁ ሠርግ ደርሶበት ነበርና በሙጃሂድ ተራ ቀድሞ አጠጣ። የፈቀድኩላቸው እኔው ነኝ። በዚያው ቀን ዙልፋ ታመመችብኝ። የቦዩን በር ዘግቼ ወልድያ ሆስፒታል ወሰድኳት። ይዣት ስመለስ ልቤ ትንፋሿን ነበር የሚያዳምጠው። መጨረሻ የጠጣው ማነው ስል ትዝ ያለኝ ደጀን ነው፤ ከደጀን በታች ላለው ከፈትኩ። ደጀን ከቦታው ወጥቶ መጠጣቱን ረሳሁት። ከሙጃሂድ በታች፣ ከደጀን በላይ ያለው ማሳ ሳይጠጣ ቀረ።

ሰውየው መጣ። «ዘለልከኝ» አለኝ፣ ሰው ፊት።

«ከአንተ በታች ያለው ደጀን ጠጥቶ የለ? እሱ ከጠጣ አንተ ጠጥተሃል።»

«አልጠጣሁም።»

«ወላሂ ጠጥተሃል!»

የውሃ አባት ከማለ ማን ይከራከራል? ሙጃሂድ ሽንኩርቱን ጭኖ ደሴ ሄዷል፤ ደጀን ሠርጉ ላይ ነው። ሰውየው ሁለቴ ሊጠጣ የመጣ ቀጣፊ ተባለ። እስከ ዛሬ ስሙ እንደዚያው ነው።

ልጄ፣ ማሽንሽ የደረሰበትን በምን እንደሚይዝ አስረጂኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ቀስ ብለሽ። በስልክ አትንገሪኝ፤ ስልክ ላይ ምላሴ ከልቤ ቀድሞ ይሮጣል። እንደ ወትሮው ሜሮን ፎቶ ኮፒ ቤት ላኪው፣ አትማ ትሰጠኛለች። ይህንንም ፎቶ አንሥታ የምትልክልሽ እሷ ናት። እንዳታነበው አጠገቧ ስቆም «አባባ አብዱልሐሊም፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ይሁን ብያታለሁ።

አጎትሽ አብዱልሐሊም


ኳላ ላምፑር፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ዝናቡ ጋብ አላለም፤ ይኸው ይህን ስጽፍ መስኮቱን እየደበደበው ነው። እናንተ በተራ የምትጠጡትን እዚህ መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ሳይ ይቆጨኛል።

ደብዳቤዎን ባቡር ላይ አንብቤ መውረጃዬን አለፍኩት። አጎቴ፣ እኔና አንቱ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሠራነው። ሳቅሁም፣ አፈርኩም።

እንዳሉኝ ቀስ ብዬ ላስረዳ። መረጃው በገጽ በገጽ ተከፍሎ ይቀመጣል። በየገጹ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ መቀመጫ አለው። ሠንጠረዡን የሚያስስ ፕሮግራም በደንብ ከተሠራ «በዚህ ገጽ፣ በዚህ መቀመጫ ላይ ደርሻለሁ» ብሎ ቦታውን ይይዛል። እኔ ያስያዝኩት ቦታውን ሳይሆን ቦታው ላይ የተገኘውን ሰው ነው። ሥራው ተቋርጦ ሳለ የዚያ ሰው መረጃ ተጨምሮበት ሰፋ፤ መቀመጫው ጠበበውና ወደ ሩቅ ገጽ ተዛወረ። ፕሮግራሙ ሲመለስ «ያ ሰው የት አለ?» ብሎ ፈለገው፣ ሩቅ አገኘው፣ ከዚያ ወደ ታች ቀጠለ። መሃል ያሉት ቀሩ።

የሚገርምዎት፣ መጨረሻ ላይ «ጨርሻለሁ፣ ስህተት የለም» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም። የዘለለውን አያውቀውማ።

«ታዲያ ለምን አይቆጥርም?» ይሉኝ ይሆናል። ስንተኛው ላይ ነኝ እያለ የሚቆጥር ፕሮግራምም አለ። ከላይ አንድ ረድፍ ቢሰረዝበት ግን የታችኞቹ ሁሉ አንድ አንድ ይጠጋሉ፤ ያኔም ተራው የደረሰው ሰው ይዘለላል። ቦታውን ነው መያዝ። ሰው ይንቀሳቀሳል።

ያ ሰውዬ ማን ነበር? አሁንስ አለ? አባባን ብጠይቀው ያውቀው ይሆናል፤ ግን ስለ መርሳ ሳነሣበት ወሬ ይቀይራል። ሐራ ተቀምጦ መርሳን እንደ ባሕር ማዶ ነው የሚያያት።

የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝ። ገንዘብ ልላክ ስል ሁሌ «ዱአ ይበቃኛል» ይሉኛል። ዱአውንማ እኔ ነኝ ከአንቱ የምፈልገው።

ልጅዎ ናጅዋ


መርሳ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017

ልጄ ናጅዋ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። የሄድሽበት አገር ይቅናሽ፣ ሰዉ ይውደድሽ። መልሴ የዘገየው መንገዱ በጎርፍ ስለተቆረጠ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። መንገዱ ደህና ነው። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ማንጎው ዘንድሮ ገበያ አላገኘም። የሙጃሂድ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዷል። ሙጃሂድ አሁን የውሃ አባት እሱ ነው፤ ተራውን በቀለም በተቀባ ድንጋይ ነው የሚይዘው፣ ድንጋዩን ከቦይ አፍ ወደ ቦይ አፍ እያሻገረ። ድሮ ሳየው «የልጅ ጨዋታ» ብዬ እስቅበት ነበር።

ሰላት ላይ ያለ ሰው ሦስት ሰገድኩ ወይስ አራት ብሎ ቢጠራጠር፣ እርግጠኛ የሆነበትን ትንሹን ይዞ ይቀጥላል። ሲጨርስ የመዘንጋት ሱጁድ ያደርጋል። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ያን ለት ቦዩ ላይ ልቤ እንደባከነ እያወቅሁ ለምን አልተጠራጠርኩም? እርግጠኛ ወደሆንኩበት፣ ወደ ሙጃሂድ አፍ ወጥቼ ከዚያ ብጀምር ምን ነበረበት? ግፋ ቢል አንድ ሰው ሁለቴ ይጠጣ ነበር። ሰጋጅ ሆኜ የማውቀውን የውሃ አባት ሆኜ ጣልኩት።

አንድ ልጠይቅሽ። ማሽን የዘለለውን እንዴት ያውቃል? ካወቀስ በኋላ ምን ያደርጋል?

ሰውየው በሕይወት አለ።

ገንዘብ አትላኪ። ከሆነልሽ የማንበቢያ መነጽር። የቁርኣኑ ፊደል እየደቀቀብኝ ነው።

አጎትሽ አብዱልሐሊም


ኳላ ላምፑር፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። መጪው ዘመን የዐፊያ ይሁንልዎ።

ስንጠራጠር እርግጠኛ ወደሆንበት የመመለስ ደንብ እኛም አለን። ሁለቴ ማንበብ ከመዝለል ይሻላል ይላሉ አለቆቼ። የሰላቱን ነገር ስነግራቸው አንዱ ማሌዢያዊ ባልደረባዬ ራሱን ይዞ «እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም!» አለ።

ማሽኑ የዘለለውን በራሱ አያውቅም። የተዘለለው ሰው መጥቶ እስኪናገር ነው። እኛ ጋ አንዲት ባልቴት ደወለች፤ «እኔን ረሳችሁኝ ወይ?» አለች። ስልክ ያነሣው ልጅ ማሽኑን አይቶ «ሁሉም ተልኳል ይላል እኮ፣ እማማ» አላት። ደግነቱ ደግማ ደወለች። ካወቅን በኋላ ፕሮግራሙን ከተዘለሉት ጀምረን እንደገና አስኬድነው። ሌላ መንገድ የለውም።

ሰውየውን አልነገሩኝም። ሙጃሂድን ግን አስታውሰዋለሁ። ማሳው ጫፍ ላይ ዘይቱን ነበረው። እላዩ ላይ ወጥቼ ወድቄ፣ አንቱ ነበሩ ተሸክመው ቤት ያደረሱኝ። ከዘይቱኑ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የሚታየኝ የአባቴ ሽንኩርት ነበር።

አጎቴ፣ ከሙጃሂድ በታች ያለው ማሳ የእኛ አልነበረም እንዴ?

መነጽሩን ገዝቻለሁ። የሚመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ናጅዋ


መርሳ፣ መስከረም 4 ቀን 2018

ናጅዋ ልጄ፣

አዎ። የእናንተ ነው። የዘለልኩት ሰው አባትሽ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ኡበይደላ።

ያልነገርኩሽ ደግሞ አለ። ከመሐላዬ በኋላ ሽማግሌዎች «ነገ መሬቱን አይተን እንፍረድ» አሉ። እኔ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቀድሜያቸው ወረድኩ። እውነት እንዳለኝ ላረጋግጥ ነበር። የአባትሽ ቦይ አፍ የተደፈነበት አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ሸረሪት አድርታበታለች። ቆሜ አየሁት። ያኔ ደጀንም፣ ሙጃሂድም፣ ሠርጉም አንድ ላይ መጡብኝ። ከላይ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል። ከዋናው ቦይ ጭቃ ዘገንኩና በሁለት እጄ ድፍኑ ላይ ለጠፍኩት፣ ትናንት ተከፍቶ የተዘጋ እንዲመስል። መጡ፣ እርጥቡን ጭቃ አዩ፣ ማሳው ውስጥ ሳይገቡ ከቦዩ አፍ ተመለሱ። «አሸዋማ ነው፣ ቶሎ ይመጠዋል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ቤት ስገባ ዙልፋ ከመኝታዋ ሆና እጄን አየችው። «የምን ጭቃ ነው በማለዳ? ውሃው ታች አይደለም እንዴ ያለው?» አለችኝ። እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ነው እስከ ዛሬ የሚጠይቀኝ።

መዝለሌ ስህተት ነበር። መሐላውንም እውነት መስሎኝ ነው የማልኩት። ጭቃውን ግን አውቄ ነው። ማሽንሽ «ጨርሻለሁ» ሲል አልዋሸም አልሽኝ። እኔ በእጄ ዋሽቻለሁ። ሽንኩርቱ ሊያብጥ ሲል ነበር ውሃ ያጣው፤ የእንቁላል ያህል እንኳ ሳይሆን ቀረ።

መነጽሩን አትላኪ።

ይህን ለሜሮን አልሰጥም። ወልድያ ሄጄ በፖስታ ነው የምሰደው። መንገድ ላይ መክረሙ ለእኔ እፎይታ መሆኑንም አልደብቅሽም።

አብዱልሐሊም


ኳላ ላምፑር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ይድረስ ለአቶ አብዱልሐሊም፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከደረሰኝም ቆይቷል።

መርሳ ትምህርት ቤት ቧንቧው ጋ ስሰለፍ ልጆቹ «አንቺ ጠጥተሻል፣ የሁለቴ ጠጪ ልጅ!» እያሉ ያስወጡኝ ነበር። አንድ ቀን ቤት ገብቼ አባባን «ሁለቴ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። አልተቆጣኝም። ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ሲመሽ ነው የተመለሰው። ወደ ሐራ የሄድነው በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ላይ «ሁለቴ ሊጠጣ የመጣ» የሚለውን ሳነብ ጠርጥሬ ነበር፤ ማን ነበር ያልኩዎ የሌላ ሰው ስም ይነግሩኛል ብዬ ነው።

እርስዎን ሰው ሁሉ አምኖ ነበር። እኔም ጭምር። አባቴን እየወደድኩት፣ ሰርቆ እንደነበርም እያመንኩ ነው ያደግሁት። በልቤ ይቅር ብዬው ነበር። ይቅር የሚባል ነገር አልነበረውም።

ለአባባ አልነግረውም። ይህን መናገር የእኔ ሥራ አይደለም።

መነጽሩ ከሰው ጋር መጥቷል፤ ሜሮን ዘንድ ያገኙታል። ሲገዛ አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን አላስቀረሁትም።

ናጅዋ ኡበይደላ


መርሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018

ናጅዋ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። «ልጄ» ልበልሽ አልበልሽ ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። አቶ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ይገባኛል። መነጽርሽን አድርጌ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ጠራልኝ፤ የእጄ ጽሕፈት እንዲህ የተጣመመ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለሜሮን ነው የምሰጣት። ብታነበውም አጠገቧ አልቆምም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ስለ መሐላዬ ጾሜ፣ ከዚያ ወልድያ ሄጄ የሐራ መኪና ያዝኩ። አባትሽን ገበያው ዳር ሱቁ ውስጥ አገኘሁት፤ ማሽላ ይሰፍራል። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ቀና ሳይል «ስንት ቁና ላድርግ?» አለኝ።

«አልገዛም። አብዱልሐሊም ነኝ።»

እጁ ቆመ። «የማትገዛ ከሆነ ለሚገዛው መንገድ ልቀቅ» አለኝ።

ለቀቅሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪሳሳ ጠበቅሁ። አንዲት ሸማች «እኒህ ሽማግሌ ምን ሆነው ነው?» ስትለው ሰማሁ። «ተራ እየጠበቀ ነው» አላት። ሲመቸው ጠራኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መዝለሌን፣ መሐላዬን፣ ጭቃውን። ጭቃው ላይ ስደርስ ቁናውን አስቀመጠ።

«በየትኛው እጅህ ነው የለጠፍከው?»

«በሁለቱም።»

«እንግዲያው ዛሬ ጨብጠኝ አትበለኝ።»

«አልልህም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

እንዲህ አለኝ፤ «አብዱልሐሊም፣ አለመጠጣቴን እኔ መች አጣሁትና ለእኔ ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር።»

«ቦዩ የሚከፈት ዕለት እናገራለሁ። ትመጣለህ?»

«ስትናገር እሰማና ከዚያ አስብበታለሁ» አለኝ። ሌላ ሸማች መጣ። ተነሣሁ።

ዛሬ ቦዩ ተከፈተ። እንደ ልማዳችን ሁሉም ጠለፋው ጋ ተሰበሰበ፤ እኛ ዱአ አደረግን፣ እነደጀንም በየራሳቸው ጸለዩ። ሙጃሂድ ከላይኛው ማሳ ሊጀምር ዶማውን ሲያነሣ «አንድ ጊዜ» አልኩ። «እሰይ! ጡረተኛው ምርቃት አለው» አለ አንዱ፤ ሳቁ። እኔም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ተናገርኩት። መሃል ላይ ውሃ አቀበሉኝ፤ ጠጥቼ ቀጠልኩ። ስጨርስ መጀመሪያ የጮኸው ደጀን ነው። «እኔ አይደለሁ እንዴ የጠጣሁት! በሙጃሂድ ተራ ነዋ! ታዲያ ማን ጠየቀኝ? ሠርጌን ጨርሼ ስመጣ ኡበይደላ ሁለቴ ጠጣ አሉኝ፤ እኔም ተቀብዬ አወራሁ!» ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሙጃሂድ መሬት መሬት ያያል። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት አንድ ናቸው፤ «እኔ ጭቃውን አይቼ ነው የፈረድኩ። አራት እርምጃ ገብቼ ማሳውን ባየው ኖሮ!» አሉ።

ያኔ ነው አባትሽን ያየሁት። መንገዱ ዳር ቆሟል፣ ከሐራ የመጣበትን ጃኬት እንኳ አላወለቀም። ማንም ሲመጣ አላየውም።

«ተራው እንግዲህ ከየት ይጀመር?» አለ ሙጃሂድ።

«ከላይ ነዋ፣ እንደ ሁልጊዜው» አለ አንድ ጎረምሳ።

«የለም» አለ ሙጃሂድ። «ያ ተራ አላለቀም። ከቆመበት ይቀጥላል።» ቀለም የተቀባውን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ታች ወረደ። ሰዉ ሁሉ ተከተለው። አንዱ ከኋላ «አራሽ ያጣ ማሳ ማጠጣት ምን ይባላል?» ብሎ ሲያጉረመርም ደጀን «ዝም በል፣ የእኔን ዕዳ ነው የሚጠጣው» አለው።

ከሙጃሂድ በታች፣ ከደጀን በላይ ባለው አፍ ላይ ድንጋዩን አስቀመጠና ዶማውን ለእኔ ዘረጋልኝ። ልቀበለው ስል አባትሽ በሰው መሃል አልፎ መጣ።

«ዶማውን ተወው» አለኝ። «የደፈንከው በእጅህ ነው።»

ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ፣ አፈሩን በሁለት እጄ ነቅዬ የአባትሽን ቦይ ከፈትኩ።

አብዱልሐሊም